ልጄ ታማ ምግብ እምቢ አለች፤ በግድ ላጉርሳት?

ጥያቄ፦ «ልጄ 9 ወሯ ነው፤ 8 ኪሎ ትመዝናለች። ጉንፋን ከያዛት ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቷ 38.5 ድረስ ወጥቶ ነበር፤ አሁን ወረድ ብሏል። ማንኪያ ስታይ አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ጡት ትይዛለች፤ ግን ሁለት ሦስቴ ስባ ትለቅና ታለቅሳለች። እናቴ ‹በባዶ ሆድ መድኃኒት አይሠራም፤ በግድ አጉርሻት› ስላለችኝ ትናንት አፍንጫዋን ይዤ አጎረስኳት። ትን አላትና የዋጠችውን ሁሉ አስመለሰች። ጎረቤቴ ደግሞ ‹የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ አለ› ትላለች። ክብደቷም የቀነሰ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አፍንጫዋን ይዞ ማጉረስ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ልጅ አፍንጫዋ ሲያዝ አፏን የምትከፍተው ልትበላ አይደለም፤ ልትተነፍስ ነው። ምግቡ የሚገባው ልክ አየር በምትስብበት ቅጽበት ነው። ትናንት ትን ያላት ለዚህ ነው። ምግቡ ወደ ሳንባ ከወረደ ከጉንፋን አልፎ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ከትናንት ወዲህ ሳሏ ከባሰ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከዚህ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ድምፅ ካመጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያት።

ሌላም ጉዳት አለው። በግድ የምትጎርስ ልጅ ማንኪያን ከመታፈን ጋር ታያይዘዋለች። ጉንፋኑ ያልፋል፤ የማንኪያ ፍርሃቱ ግን ከጉንፋኑ በኋላም ሊቀር ይችላል። ሳሏም ትኩሳቷም ጠፍቶ፣ ማንኪያ ከሩቅ ስታይ ብቻ የምትንቀጠቀጥ ልጅ አይቻለሁ። ያንን ማስተካከል ጉንፋኑን ከማከም በብዙ ይከብዳል።

እናትዎ ያሉት ነገር በቅን ልብ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ፓራሲታሞል በባዶ ሆድም ይሠራል። ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ቢሰጥ የሚመረጠው አይቡፕሮፌን ነው፤ እሱም ሆድ ስለሚነካ እንጂ አልሠራም ስለሚል አይደለም።

ልጅዎ መብላት ያቆመችው እልኸኛ ሆና አይደለም። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል የሚለቃቸው ኬሚካሎች ትኩሳት ያመጣሉ፤ እነዚያው ኬሚካሎች አንጎል ውስጥ ገብተው የረሃብን ስሜት ይዘጋሉ። ጨጓራም ሥራውን ያዘገያል። በዚያ ላይ የታፈነ አፍንጫ ሽታና ጣዕም አይለይም። ንፍጥ መናፈጥ ስለማትችል ትውጠዋለች፤ ሆዷ በእሱ ይሞላል። እርስዎም ጉንፋን ሲይዝዎ ምሳ አያሰኝዎትም። ልዩነቱ እርስዎን አፍንጫዎን ይዞ የሚያጎርስዎ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ምግብ እምቢ አለች» እና «መጠጣት አቃታት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። ከዚህ በፊት ደህና ስትበላ የነበረች የ9 ወር ልጅ ለጥቂት ቀናት ማንኪያ ባትነካ አትጎዳም። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የእናት ጡት ወተት ብቻውን ከሚያስፈልጋት ጉልበት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊሸፍን ይችላል። ፈሳሽ ከተቋረጠ ግን ነገሩ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ይቆጠራል።

ስለዚህ የማንኪያ ቆጠራውን ይተዉትና ሽንት ይቁጠሩ። አንዲት እናት ልጇ የጎረሰውን ማንኪያ ሁሉ ከነሰዓቱ የጻፈችበት ደብተር ይዛ መጣች። ማክሰኞ 11፣ ረቡዕ 7፣ ሐሙስ 4። «ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና?» ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። ደብተሩ ላይ አልነበረም። ጠቃሚው ቁጥር ግን እሱ ነበር። የሚረጥቡት ዳይፐሮች ከወትሮው ከግማሽ በታች ከወረዱ ነገሩ መሥመር እየሳተ ነው። 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸናች መጠበቅ የለም፤ ይዘዋት ይሂዱ። አንድ ዘዴ ልንገርዎ፦ የአሁኑ ዳይፐር ብዙ ስለሚመጥ እርጥበቱን ይደብቃል። ውስጡ አንድ ሶፍት ጣል ያድርጉ፤ መሽናቷን ሶፍቱ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ፣ እምቢ የምትልበትን መንገድ ልብ ብለው ይዩ። ልጅ ባትናገርም እምቢታዋ ያመማትን ይናገራል። የእርስዎ ልጅ ጡቱን ትይዛለች፣ ሁለት ሦስቴ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ይኼ የታፈነ አፍንጫ መልክ ነው። አፏ በጡት ተሞልቷል፣ አፍንጫዋ ተዘግቷል፤ መጥባትና መተንፈስ አልገጠሙላትም። ርቧት ነው የምትይዘው፤ አየር አጥሯት ነው የምትለቀው። ጡቱን ጠልታ እንዳይመስልዎት።

ጆሮ ያመማት ልጅ ሌላ መልክ አላት። መጥባት ስትጀምር ትጮሃለች፤ ስትተኛ ይብስባታል። መዋጥና መሳብ ጆሮ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚለዋውጥ በዋጠች ቁጥር ያማታል። ጆሮን መጎተት ብቻውን ግን ብዙ አይነግርም፤ ልጆች ሲደክማቸውም ይጎትታሉ። አፏ የቆሰለ ልጅ ደግሞ በጉጉት መጥታ ገና ሲነካት ትፈናጠራለች፤ ለሃጯም ከወትሮው በላይ ይዝረከረካል። በብርሃን አፏን ይመልከቱ። ጉንጯ ውስጥ ወይም ምላሷ ላይ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው። ድዷ አብጦና ቀልቶ ትንንሽ ቁስሎች ካሉ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ነው፤ ያማል፣ ግን ይድናል። እንዲህ ላለችው ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይስማማታል። ለጥርስ ተብሎ የሚሸጥ ማደንዘዣ ቅባት ግን አይቀቡ። ቤንዞካይን የተባለው ማደንዘዣ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አደገኛ ነው፤ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያሳጣው ይችላል።

ከሁሉም የማልወደው አራተኛውን መልክ ነው። መጥባት ትፈልጋለች፣ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። እየጠባች ታልባለች፣ ቶሎ ቶሎ ትቋረጣለች፣ በስተመጨረሻ ደክሟት ትተዋለች። ይኼ የምግብ ፍላጎት ጉዳይ አይደለም፤ የሳንባ ወይም የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም።

እንግዲህ የእርስዎን ልጅ አፍንጫ እንክፈት። ከፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ ይግዙ፤ መድኃኒት የሌለበትን፣ ጨውና ውሃ ብቻ የሆነውን። ጡት ከመስጠትዎ 10 ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው በጀርባዋ ያስተኟት፤ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ 2 ወይም 3 ጠብታ ያድርጉ። ታለቅሳለች፣ ታስነጥሳለች፤ ችግር የለውም፣ ማስነጠሱ ራሱ ያወጣዋል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው በመምጠጫ ጎማ የለሰለሰውን ንፍጥ ይሳቡ። ጎማውን መጀመሪያ ከውጭ ጨምቀው ከዚያ ነው ጫፉን የሚያስገቡት፤ አስገብተው ከጨመቁት ንፍጡን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በቀን ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ አይምጠጡ፤ የአፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ ያብጥና የባሰ ይዘጋል። ከጠባች በኋላም አይሞክሩት፣ ታስመልሳለች።

ልጅዎን ቀጥ አድርገው ይዘው ጡቱን ይስጡ፤ ደረቷ ከፍ ሲል አፍንጫዋ ይቀላታል። ለአጭር ጊዜ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይስጡ። በወትሮው በየ3 ሰዓቱ የሚሰጡ ከሆነ አሁን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ያድርጉት። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ወይም ልትነቃ ስትል ሞክሩ ብዬ ወላጆችን እመክራለሁ፤ ነቅታ እምቢ ያለችውን በሰመመን ውስጥ ትቀበላለች። አሁንም ካልሆነ ያልቡትና በትንሽ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይስጡ። ሲሪንጁን ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን ወደ ጉንጯ ውስጥ ያዙሩት፤ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥቡ፣ እስክትውጥ ይጠብቁ። ማለቡ ለእርስዎም ይጠቅማል። ልጅ መጥባት ስትቀንስ ወተቱም ይቀንሳል፤ ስትድን የሚጠብቃት ወተት ይኑር።

በጡጦ የምታጠቡ ሰዎች ይኼን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዱቄት ወተቱን «እንዲቀላት» ብላችሁ አታቅጥኑት። ውሃ የበዛበት ወተት ጉልበቱ ያንሳል፤ የደም ጨውንም ሊያዛባ ይችላል። እንደ ማሸጊያው ይበጠበጥ፤ መጠኑ ይነስ፣ ጊዜው ይብዛ። ለአንድ ቀን ከወትሮው ከግማሽ በታች የምትጠጣ ልጅ ሐኪም ዘንድ ትቅረብ።

የትኩሳት ማስታገሻ የምንሰጠው ቴርሞሜትሩን ደስ ለማሰኘት አይደለም። ሕመሙ ቀለል ሲላት ትጠጣለች፤ ጥቅሙ እሱ ነው። ፓራሲታሞል ከሰጡ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቆይተው ጡቱን ያቅርቡ፤ ጥሩዋ ሰዓት ያቺ ናት። መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው፤ ለ8 ኪሎ ልጅ 120 ሚሊግራም። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም» የሚል ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣሉ። «በ5 ሚሊ ሊትር 250» ካለ 2.4 ብቻ። ጠብታ ከሆነና «በ1 ሚሊ ሊትር 100» ካለ 1.2 ብቻ። ጠብታውን እንደ ሽሮፕ ቆጥሮ 5 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው ከሚገባት ከ4 እጥፍ በላይ ሰጣት ማለት ነው፤ ይኼ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ባለው ስም ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ያፍጡ። በወጥ ቤት ማንኪያ አይለኩ። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥ። አይቡፕሮፌንን እንደ እርስዎ ልጅ ትንሽ ለምትጠጣ ልጅ አልመክርም፤ የፈሳሽ እጥረት ባለበት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አስፒሪን ለልጅ በፍጹም።

የጎረቤትዎን ሽሮፕ በተመለከተ፦ አይግዙ። «ፍላጎት ይከፍታል» ተብለው ከሚሰጡት መካከል የሚታወቀው ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። እንቅልፍ ያመጣል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ነቅታ እንድትጠባ ነው። የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችም ለዚህ ዕድሜ አይሆኑም። አንቲባዮቲክ ተራ ጉንፋንን አይነካም፤ እንዲያውም ተቅማጥ ሊያመጣና የምግብ ፍላጎት ያጣችውን ልጅ ጭራሽ ሊያዳክማት ይችላል። ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ ከቀድሞው ሕመም ጋር የተያያዘ ነው፤ ይጣል። ማርም ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም። ለሳል ጥሩ ነው ቢባልም ለሕፃን አንጀት ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያቅርቡ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ አይታገሉ። ለስለስ ያለ፣ ለብ ወይም ቀዝቀዝ ያለ፣ ከዚህ በፊት የምትወደው ነገር ይሁን፤ ሙዝ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች። አዲስ ምግብ የማስለመጃ ጊዜ አይደለም። አንድ ማንኪያ ለእሷ በእጇ ይስጧት። ታበላሻለች፣ ጠረጴዛውን ትቀባለች፤ ትቀባ። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ፊቷን ካዞረች በቃ፣ ተነሱ። አጠገቧ ሆነው እርስዎ ቢበሉ ደግሞ ከልመናው ይሻላል።

ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከተጨመረ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጀምሩ። ማሸጊያው የሚለውን ያህል ንጹሕ ውሃ ይጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ናቸው፣ ግን የ200 እና የ500 ሚሊ ሊትርም አሉ። ስኳር አይጨምሩበት። 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ካስመለሰች 10 ደቂቃ አርፈው ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ጡቱ አይቋረጥም። ለተቅማጡ ዚንክም ይታዘዛል፤ ለእሷ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

አሁን የቤት እንክብካቤው የሚያበቃበትን ድንበር ልንገርዎ። የሚከተሉት ሲታዩ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፦ ጡትም ሆነ ፈሳሽ ጨርሶ መውሰድ ካቃታት፤ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፤ ከተንቀጠቀጠች፤ ስትቀሰቀስ የማትነቃ ወይም ዝልፍልፍ ያለች ከሆነች። አረንጓዴ ካስመለሰች። ሰገራዋ ደም ከያዘ ወይም እየቆየ የሚነሳ ኃይለኛ ለቅሶ ካለ። እርግብግቢቷ ከጎደጎደ ወይም በተቃራኒው ከተወጠረ። እያለቀሰች እንባ ከሌላት፣ አፏ ከደረቀ፣ ዓይኗ ከሰረጎደ። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ካቃሰተች።

ትንፋሽ መቁጠር ከባድ አይደለም። ስትረጋጋ ወይም ስትተኛ ልብሷን ከፍ አድርገው ሆዷን ይመልከቱ፤ ከፍ ዝቅ ያለው አንድ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ፣ 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 አያባዙ፤ ሕፃናት ትንፋሻቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። በእሷ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ትታይ።

ይኼን የሚያነቡ የትንንሽ ሕፃናት ወላጆችም ይኖራሉ። ከላይ ያልኩት «ጥቂት ቀን ባትበላ አትጎዳም» ለእናንተ አይሠራም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ወይም ያለ ትኩሳትም ቢሆን መጥባት ከቀነሰ፣ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ መጥባት ማቆም ብቸኛው የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞልም ሳትጠይቁ አትስጡ። ከ6 ወር በታች ላለ ደግሞ ባዶ ውሃ አይሰጥም፤ ጡት ወይም የዱቄት ወተት ብቻ።

የእኔ ምክር ለእርስዎ ይኼ ነው፦ ዛሬ ማታ ምግቡን ይርሱት። አፍንጫዋን ይክፈቱ፣ ማስታገሻውን በቁጥሩ ልክ ይስጡ፣ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ያቅርቡ፣ ሽንቷን ይቁጠሩ። በዚህ መንገድ ብትጠባና ብትሸና ቤት መቆየት ትችላላችሁ። ነገ ትኩሳቱ አምስተኛ ቀኑን ይይዛል። ነገም ካለ፣ ወይም አንድ ቀን ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ጆሮዋና ሳንባዋ ይታዩ፤ ጉንፋን ላይ የሚደረቡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ሳሉ ብቻውን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ግን አይደንግጡ።

ክብደቷን አሁን አይመዝኗት። በአራት ቀን የሚጠፋው አብዛኛው ፈሳሽና ባዶ የሆነ አንጀት ነው፤ ቁጥሩ እርስዎን ከማስጨነቅ በቀር አይረዳም። ትኩሳቱ ሲለቃት ረሃቧ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከወትሮው ይብሳል። ያኔ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይስጧት። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ በዚያው በቀድሞው ሚዛን፣ ያለ ልብስና ያለ ዳይፐር ይመዝኗት። ወደ ቀድሞው ካልተመለሰች፣ ወይም ድና ሳለ ከሳምንት በኋላም ማንኪያ ስታይ የምታለቅስ ከሆነ፣ የእድገት ካርዷን ይዘው ይምጡ። ማንኪያውንም ይዘው ይምጡ፤ እንዴት እንደምትሸሽ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።